ብርሃን ሲነካው የሚጮህ

እኔ ማሽን አልጠላም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ «አስቴር የድሮ ሰው ናት፣ አዲስ ነገር አይጥማትም» እንዳትሉኝ። እኔ የምጠላው ማሽን መጣ ሲባል ሰው ሁሉ ከቦት ሲያጨበጭብ፣ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠዋን ሴት ግን ዞር ብሎ የሚያያት ሲጠፋ ነው። ያኔም ቆሽቴን ያሳርረው ነበር፣ ዛሬም ያሳርረዋል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሊከበር ከተማው ቀይ በቀይ በሆነበት ዓመት ነው። የካ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ክፍሏ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቷ ወደ እንጦጦ ስለሚያይ ክረምት ሲገባ ጉሙ እስከ ደጃፋችን ይወርድ ነበር። ከውጭ የሚደወለውም ከውስጥ የሚደወለውም ስልክ እኛ ጋ ይገባል፣ እኛ ወደሚፈለግበት ክፍል እናገናኛለን። ከሁላችን ጆሮዋም እጇም የፈጠነው የማርያምወርቅ ነበረች።

የማርያምወርቅ ዓይነ ስውር ናት። ገና ዳዴ ሳትል ፈንጣጣ ነው ዓይኗን የወሰደው። ያደገችው የእናቷን የእማማ ታደለችን ቀሚስ ይዛ የካ ሚካኤል ደጅ ነው፤ እናትና ልጅ እጃቸውን ዘርግተው። በኋላ ደግ ሰው አግኝታ ተማረች፤ መጀመሪያ መጥረጊያ መሥራት፣ ቀጥሎ ስልክ። ሆስፒታሉ የቀጠራት ዕለት መጀመሪያ ያደረገችው እናቷን ከደጁ ማንሳት ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቀበቱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ከዚያ ወዲህ እማማ ታደለች ሚካኤል የሚሄዱት ለመሳለም ብቻ ሆነ።

እኔና እሷ በነገር ሁሉ የማንገናኝ ነበርን። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ያኔ ስሙ ስድብ ነበር። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየሰው ቤት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንዘምርበት ጊዜ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ይህን የምታውቀው የማርያምወርቅ ብቻ ነበረች። «አንቺ ጴንጤ፣ ደግሞ ዛሬ የት ልትንጫጪ ነው?» እያለች ትቀልድብኛለች እንጂ ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላለችም። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ዘመን እንደ እህት ነው።

አሮጌው ማዞሪያ ለእሷ ታስቦ የተሠራ ይመስል ነበር። ስልክ ሲመጣ የመስመሩ ትንሽ የብረት ክዳን ቀጭ ብላ ትወድቃለች። የማርያምወርቅ ድምፁን ትሰማለች፣ የወደቀችውን ክዳን በጣቷ ታገኛለች፣ የገመዱን ስፒና ቀዳዳው ውስጥ ትሰካለች፣ አለቀ። ከዚያ አዲሱ ማዞሪያ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በሣጥን ታሽጎ መጣ። ክዳን የለው፣ ቀጭ የለው! ስልክ ሲገባ አንድ ጠቅላላ ጩኸት ያሰማል፤ የትኛው መስመር እንደሆነ የምትናገረው ግን ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ብልጭ የምትል፣ ምስር የምታክል መብራት ናት።

የአስተዳደር ኃላፊያችን ጓድ ወልደ ሐዋርያት ይባሉ ነበር። በንጉሡ ጊዜ አቶ ነበሩ፣ በደርግ ጊዜ ጓድ ሆኑ፣ እኛ ግን ፊት ለፊት ስናገኛቸው ያው «ጌታዬ» ነው የምንላቸው። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ከደረት የሚወጣ ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠርተውኝ «በዓሉ ሳይደርስ ማዞሪያው ሥራ ይጀምራል። የማርያምወርቅን ግን ምን እናድርጋት? ወደ መጥረጊያ ሥራው ብትመለስ ነው የሚሻለው» አሉኝ። የመጥረጊያው ሥራ ያኔ ሞቶ ነበር፤ የሚገዛም የለ። እኔ ያን ስሰማ ዓይኔ ላይ የመጣው የካ ሚካኤል ደጅ ነው።

ሄጄ ነገርኳት። «እኔስ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። እማዬን ግን ወደዚያ ደጅ አልመልሳትም፣ አስቱ። ጉልበቷ አልቋል፣ አልመልሳትም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

እንግዲህ ኃይሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኃይሉ ማዞሪያውን ሊተክል የተላከ ወጣት ኢንጂነር ነው፤ የሲግናል ሰፈር ልጅ፣ ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ። እኔ ሣጥኑን በእግሬ እየጠለዝኩ ስራገም ሰምቶኝ «እትዬ አስቴር፣ ሣጥኑ ምን አደረገዎት?» አለኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አልሳቀብኝም። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ነገር ሠርቶ መጣ፤ ሲያዩት ወፍራም ብዕር ነው። ጫፉ ላይ ብርሃን ሲነካው ሲጥ ብሎ ይጮኻል። የማርያምወርቅ እጅ ላይ አደረገላትና ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ጮኸ። ወደ ወለሉ መለሰው፤ ዝም አለ። እየደጋገመች ወደ መስኮቱ ስታዞረው፣ ስትመልሰው፣ ፊቷ ሁሉ ተለወጠ። «ብርሃን እንዲህ ነው የሚለው?» አለች።

እኔ እልል ልል ነበር። ኃይሉ ግን «ገና ነን፣ እትዬ አስቴር። ብዕር አገኘች ማለት ሥራውን ቻለች ማለት አይደለም። አሁን የሚቀረው ልምምዱን መንደፍ ነው» አለኝ።

«ልምምድ ደግሞ ይነደፋል እንዴ? ይለመዳል እንጂ!»

«ድልድይ የሚሠራ ሰው የት ጋ እንደሚሰበር አስቀድሞ ያያል፣ እዚያ ጋ ያጠናክራል። ሰው ሲማርም እንደዚያው ነው። የት ጋ እንደምትሳሳት እናያለን፣ ከዚያ ልምምዱን እዚያ ጋ እናበጀዋለን።»

ወይ ጉድ አልኩ በሆዴ። እኔ ስልክ የተማርኩት በቁንጥጫ ነው። ያስተማረችኝ ሴትዮ ስሳሳት ጣቴን በማስመሪያ ትለኝ ነበር፤ ተማርኩ ወይ? ተማርኩ። ቢሆንም ሌላ መንገድ ስላልነበረን እሺ አልኩት።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ የተሰባበሩ አልጋዎች ከተቆለሉበት ጥግ፣ ኃይሉ ከስስ ጣውላ የማዞሪያውን አምሳል ሠራ። ቀዳዳዎቹ እንደ እውነተኛው፣ መብራቶቹ የእጅ ባትሪ አምፖሎች። እሱ ከኋላ ሆኖ አምፖል ያበራል፤ እኔ በሽቦ በተገናኘች ስልክ ከበሩ ውጭ ሆኜ «ቀዶ ጥገና አገናኙኝ»፣ «ወጥ ቤት አገናኙኝ» እላለሁ። የማርያምወርቅ ግራ ክርኗን ከጠረጴዛው ጥግ ላይ ታስደግፋለች፤ መነሻዋ ክርኗ ነው። ከክርኗ ጀምራ ረድፎቹን በግራ ጣቷ እየለካች ትወጣለች፤ በቀኟ ብዕሩን እያስኬደች የበራውን ታገኛለች፣ ከዚያ ስፒናውን ትሰካለች። የተሳሳተ ቀዳዳ በሰካች ቁጥር ኃይሉ ቀዳዳው አጠገብ በጠመኔ ነጥብ ያደርጋል።

በመጀመሪያው ሰሞን ጣውላው ነጭ በነጭ ሆነ። እኔም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ በሩን በርግጄ እየገባሁ «አይደለም! ስንቴ ልንገርሽ?» እላለሁ።

ኃይሉ «ሲጮኹባት እሷ ትደነግጣለች፣ ልምምዱ ግን እንዳለ ይቀራል» አለኝ።

«ቡልጋሪያ ድረስ ልከው ያስተማሩህ እኔን መቆጣት ነው?» አልኩት። የማርያምወርቅ ሳቋን ለቀቀችው። እሱም ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ነጥቦቹ እንደ ዘበት የተበተኑ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ቀኝ ጥግ ላይ ተሰብስበው ነበር። በማግስቱ ኃይሉ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያንን ጥግ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ አስለመዳት። ጥጉ ሲጠራ ከሌላው ጋር ቀላቀለው። ያ ሲቀና ሁለት አምፖል አንድ ላይ አበራባት። ከዚያ እኔን «አሁን እንደ እውነተኛ ደዋይ ይሁኑ» አለኝ፤ እኔም አንዴ አሳልኩባት፣ አንዴ «አይ ተይው፣ መድኃኒት ቤት አድርጊልኝ» ብዬ ሐሳቤን ቀየርኩባት፣ አንዴ ወንድሜ ሞተብኝ ብዬ አለቀስኩባት። የማርያምወርቅ ፍንክች አላለችም። ሐምሌ ሲጋመስ ጣውላው ላይ አንድም ነጥብ የማይደረግበት ቀን መጣ። እኔማ ፈተና ያለፈች ያህል ቆጥሬው ነበር።

እውነተኛው ማዞሪያ ለሙከራ የተከፈተ ዕለት የማርያምወርቅ አዲስ ነጠላ ለብሳ መጣች። እኔ ከጎኗ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ እንዳልነካ ታዝዤ ተቀመጥኩ። ከወጣት ሐኪሞቹ፣ ከላቦራቶሪው፣ ከመዝገብ ቤቱ የመጣውን ሁሉ እንደ ውሃ አፈሰሰችው። ጓድ ወልደ ሐዋርያት ደወሉ። ደም ባንክ ነበር የጠየቁት፤ ልብስ ማጠቢያ ገባ። ሲስተር ፈትለወርቅ፣ የነርሶቹ አለቃ ሜትሮናችን፣ ቀዶ ጥገና ፈለጉ፤ ወጥ ቤት አገኙ። ጓድ ወልደ ሐዋርያት ደግመው ደወሉ፤ ደግሞ ተሳሳተ። ጉድ ፈላ! የማርያምወርቅ ላብ በላብ ሆነች።

ጓድ ወልደ ሐዋርያት ራሳቸው ወርደው መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አስቴር፣ በዚህ መስመር ጫፍ ያለው የታመመ ሰው ነው። ደም ፈልጎ ልብስ ማጠቢያ ቢገባ ሰው ይሞታል። ለእሷ አዝኜ ሕመምተኛ አልገድልም» አሉ። እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን መሆኑ ነው የከበደኝ።

እስከ ቢሯቸው ደረጃውን ተከትዬ ወጣሁ። «ጌታዬ፣ አንድ ዕድል! ስህተቱ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳናውቅ?» አልኩ። ጠረጴዛቸው ላይ የበዓሉ ወረቀት ተቆልሏል። ክምሩን ወደ ጎን ገፉና «ከበዓሉ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ። ያን ቀን ካልሆነላት ዳግመኛ እንዳትመጪብኝ» አሉኝ።

ግምጃ ቤት ተመለስን። እዚያ ስትሞከር አንድም ስህተት የለም። «ፈርታ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?» አልኩ።

ኃይሉ ራሱን ነቀነቀ። «ፍርሃት ቢሆን ስህተቱ በየቦታው በተበተነ። ዛሬ የተሳሳተችው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ልክ አንድ ረድፍ ከፍ ብላ ነው የሰካችው። ደግሞ የወጣቶቹን ደዋዮች አንዱንም አልሳተችም። እውነተኛው ሥራ ላይ ያለ፣ እኛ ልምምዱ ውስጥ ያላስገባነው ነገር አለ።»

ምን እንደሆነ ለማየት በማግስቱ ከእኛ ጋር አሮጌው ማዞሪያ ክፍል መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሥራው ገና በአሮጌው ነበር የሚሠራው። ማዞሪያውን አያይም፤ የሚያየው እሷን ነው። ረፋዱ ላይ ጓድ ወልደ ሐዋርያት ደወሉ። «አቤት ጌታዬ» አለች የማርያምወርቅ። አገናኘቻቸው። ኃይሉ ድንገት «እንዴ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ቆማችኋል! ሁለታችሁም ቆማችኋል!»

ወደታች አየሁ፤ ለካ እውነቱን ነው። ወንበሬ ከኋላዬ ነው፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ ብያለሁ። እኔ ድምፃቸውን በማዳመጫዬ ስለሰማሁ ብቻ! የማርያምወርቅም ቆማለች፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ሰውየው ፊቷ ያሉ ይመስል። «ታዲያ ትልቅ ሰው ተቀምጬ ላናግር?» አለችው፣ ግራ ገብቷት። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ ሁላችንም ለታላላቆቻችን በስልክ ብድግ ስንል፣ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። እኛ ቤት እንዲህ ነው ያደግነው፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ይነሳል። ጓድ ተባለ፣ እኩል ተባለ፣ እግራችን ግን አልሰማም።

በአሮጌው ማዞሪያ ብትቆምም ጉዳት የለውም፤ ክዳኗ እንደወደቀች ትጠብቃታለች። በአዲሱ ግን መነሻዋ ክርኗ ነው። ስትቆም ክርኗ ከጠረጴዛው ይለቃል፣ እጇ ከፍ ይላል፣ አንድ ረድፍ ይስታል። እኔ ደግሞ በግምጃ ቤቱ ልምምድ ብጮኽ፣ ባለቅስ፣ ለእኔ ለአስቱ ማን ብድግ ይላል?

«በቃ፣ አትነሺ!» አልኳት። እሺ አለች። ጓድ ወልደ ሐዋርያት ሲደውሉ ተነሳች። ደግሜ ነገርኳት፤ ደግማ ተነሳች። ተናድጄ በመቀነት ከወንበሩ ጋር እናስራት አልኩ። የማርያምወርቅ ፊቷ ጠቆረ። «ጥጃ ነኝ እንዴ የምታስሪኝ? እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። ብንለምንም አክብረን ነው የለመንነው» አለች። አፈርኩ።

ኃይሉ «እሷን መለወጥ የለብንም። መቆሟን ልምምዱ ውስጥ እናስገባው» አለ። የአዲሱ ማዞሪያ ግራ ጠርዝ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በየረድፉ አንዳንድ ቋጠሮ ያለው ወፍራም ሲባጎ ለጠፈ። ከእንግዲህ መነሻዋ ክርኗ ሳይሆን ግራ አውራ ጣቷ ሆነ። ብትቀመጥም ብትቆምም ጣቷ ቋጠሮውን አይለቅም። የግምጃ ቤቱም ጣውላ ላይ እንዲሁ አደረገ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ልምምዱ ላይ ከልቧ የምትነሳለት ድምፅ ማግኘት። እኔ ድምፄን አወፍሬ ጓድ ወልደ ሐዋርያትን ልሆን ሞከርኩ፤ ሳቀችብኝ።

«ማንን ነው ከሁሉ የምታከብሪው?» አልኳት።

«የነፍስ አባቴን፣ አባ ገብረማርያምን።»

እንግዲህ ጴንጤዋ አስቴር በነሐሴ ዝናብ፣ በጾመ ፍልሰታ፣ የካ ሚካኤል ግቢ ቄስ ፍለጋ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደምገባ ጨነቀኝ። አባ ገብረማርያም ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘኋቸው፤ የደከሙ ትልቅ አባት ናቸው። ሁሉን ነገርኳቸው፣ እኔ ከእነማን ወገን እንደሆንኩም ጭምር፤ መደበቅ አልሆነልኝም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እና እኔ በስልክ ምን ልበላት?» አሉ።

«ወጥ ቤት አገናኚኝ ይበሏት፣ አባቴ።»

«በጾም ወጥ ቤት ምን እሠራለሁ?» አሉና ፈገግ አሉ። መጡልኝ።

ከግምጃ ቤቱ በር ውጭ በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው። ስልኩን እንደ መስቀል በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ እንደምን አለሽ? እስኪ ቀዶ ጥገና የሚሉትን ክፍል አገናኚኝ። እግዚአብሔር ይባርክሽ» ይላሉ። የማርያምወርቅ ብድግ ነው! የመጀመሪያው ቀን ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ረድፍ ከፍ ብለው ተደረደሩ። ሰውነቷ አሮጌውን መነሻ እየፈለገ አውራ ጣቷን ከቋጠሮው እያላቀቀ ይነሳ ነበር። ኃይሉ ልምምዱን ከፋፈለው። በመጀመሪያ ጣቷን ቋጠሮው ላይ አድርጋ መነሳትና መቀመጥ ብቻ፣ ስልክ የለም። ቀጥሎ መነሳትና አንድ ረድፍ ማግኘት። ቀጥሎ አባ ገብረማርያም። ቀጥሎ አባ ገብረማርያም እየተናገሩ ሌላ አምፖል ማብራት።

ይህ የመጨረሻው አስለቀሳት። አባ እየባረኳት ሳለ ብዕሩን ወደ ሌላ መስመር መውሰድ አቃታት። «የነፍስ አባቴን አቋርጬ? አልችልም» አለች።

አባ ገብረማርያም ስልኩን ትተው በሩን ከፍተው ገቡ። «ልጄ፣ እኔ ስባርክሽ ሰው በር ቢያንኳኳ አትከፍቺም?»

«እከፍታለሁ፣ አባቴ።»

«ታዲያ መብራቱም በር ነው። ‹አባቴ፣ ይታገሱኝ› በይኝ፣ እታገሣለሁ» አሏት። ተመልሰው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆማ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ፣ ይታገሱኝ» እያለች መስመር መቀያየር ጀመረች። ነጥቦቹም ቀነሱ። ሁሌ አልነበረም፤ አንዳንድ ቀን ይብስባት ነበር። የፈተናው ዋዜማ ዕለት ራሱ ሁለቴ ስታለች።

ፈተናው ዶፍ በሚጥልበት ጠዋት ሆነ። እኔ ከጎኗ ማዳመጫ አድርጌ፣ እጄን ጭኔ ላይ አጣምሬ ተቀመጥኩ። በልቤ እጸልያለሁ። ኃይሉ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ስልኩ እየተግተለተለ መጣ። ሲስተር ፈትለወርቅ ደወሉ፤ የማርያምወርቅ ተነሳች፣ አውራ ጣቷ ቋጠሮው ላይ ነው፤ ቀዶ ጥገና፣ ትክክል። ጓድ ወልደ ሐዋርያት ደወሉ፤ ተነሳች፤ ደም ባንክ፣ ትክክል። ሌላ ክፍል ጠየቁ፤ ትክክል። ደግመው ደጋግመው ፈተኗት፤ አንዱንም አልሳተችም።

በመጨረሻ አንዴ ደወሉ፤ የሚገናኝ መስመር ግን አልጠየቁም። «የማርያምወርቅ፣ አዳምጪኝ» አሉ በዚያ ከደረት በሚወጣ ድምፅ። «አቤት ጌታዬ» አለች፣ ቆማ። ውሳኔው ሊነገር ነው። «እንግዲህ እኔ ያሰብኩት…» ሲሉ ማዞሪያው ጮኸ።

ሌላ ስልክ ነው። በደንቡ እኔ መንካት አልችልም። በቃ ቀረች አልኩ፤ የነፍስ አባቷስ መብራቱም በር ነው ብለው ፈቀዱላት፣ እኚህ ግን እንጀራዋን በእጃቸው የያዙ ሰው ናቸው። የማርያምወርቅ ግን «ጌታዬ፣ ይታገሱኝ» አለች። መልሳቸውንም አልጠበቀችም! ብዕሩ ሰሌዳው ላይ ሄደና ሲጥ አለ፤ ማዋለጃ ክፍል ነው። «ደም! እናቲቱ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ቶሎ ደም ባንክ!» አለች አዋላጇ። የማርያምወርቅ እንደቆመች ጣቷ ከቋጠሮ ቋጠሮ ወረደ፣ ስፒናው ገባ። «ደም ባንክ» አለ የወንድ ድምፅ፤ ተገናኙ።

ወደ ጓድ ወልደ ሐዋርያት መስመር ተመለሰች። ጸጥ ያለ ነው። ዘግተውባታል አልኩ። ቆይቶ ትንፋሻቸው ተሰማ።

«አገናኘሻቸው?» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ማንን?»

«ማዋለጃን ከደም ባንክ።»

«ነገ በፈረቃሽ ግቢ» አሉ።

«በየትኛው ማዞሪያ ጌታዬ?»

«በዚህ ነዋ! በሌላ በምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ዘጉ።

የማርያምወርቅ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ኃይሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ አላለቀሰችም፤ «አስቱ፣ እማዬ ጋ ሂጂልኝ። ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ፈረቃዬ እስኪያልቅ አልችልም» አለችኝ። ማዞሪያው እየጮኸ ነበር፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዣንጥላም ሳልይዝ ወጣሁ። የፈረንሳይ ለጋሲዮንን አቀበት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ጎርፉ በእግሬ ላይ ይወርዳል። ቤቷ ስደርስ እማማ ታደለች መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ፈተናውን አለፈች ልላቸው አፌን ስከፍት ልቅሶ ቀደመኝ፤ አንዲት ቃል አልወጣ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን እንሰቀሰቃለሁ።

እማማ ታደለች ለአፍታ አዩኝ። አልጮኹም፣ ምንም አልጠየቁኝም። ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከበሩ ጥግ ዱላቸውን አነሱ። «ዛሬ ሚካኤል ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «የሚካኤል ቀን ከሆነ ቶሎ ካልሄድኩ ደጁ ላይ ቦታ አላገኝም።»

«ኧረ ፈተናውን አለፈች!» ብዬ ጮኽኩ። «እማማ፣ አለፈች! የትም አይሄዱም!»

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ከእጃቸው ዱላውን ልወስድ ስታገል፣ ጣቶቻቸው አልላቀቅ አሉኝ። ደጋግሜ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ ቀስ እያሉ ለቀቁት፤ እዚያው በሩ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን።